ሦስት ራውተርና አንድ ሮቶ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

እማዬ «ውሃ ሲመጣ ኢንተርኔቱ ይሄዳል» ስትለኝ ሳቅሁባት። ከአራት ወር በኋላ መሰላል ላይ ወጥቼ ትክክል እንደነበረች ሳረጋግጥ ሳቁ የእሷ ሆነ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደማወራ ልንገራችሁ። ሜሽ ማለት ብዙ ራውተሮች ዳታ እየተቀባበሉ እንደ አንድ ኔትወርክ ሲሠሩ ነው። የእኔ ግን በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው የሜሽ ዋይፋይ አይደለም። ሦስት ተራ ራውተሮች ገዛሁ፣ ፋብሪካው የጫነባቸውን ሶፍትዌር አነሳሁ፣ ኦፕንደብልዩአርቲ የሚባለውን ነፃ ሊኑክስ ጫንኩባቸው፣ ከዚያ ባትማን የሚባለውን የሜሽ ራውቲንግ፣ ማለትም ዳታው በየትኛው ራውተር በኩል እንዲያልፍ የሚመርጠውን ፕሮግራም፣ አስገባሁ። አዎ፣ ባትማን። ስሙን እኔ አላወጣሁትም። የራውተሮቹን ብራንድ አልጠራም። ባለሁለት ባንድ ናቸው፣ ኤምቲ7621 የሚባለው ቺፕ አላቸው፣ ራማቸው 128 ሜጋባይት ነው። ይሄን የሚያሟላ ሁሉ ይሆናል። ዋጋውንም ተዉት፣ ዛሬ የምጽፈው ነገ ውሸት ይሆናል።

ግቢያችን እንዲህ ነው። ከፊት፣ በሩ ላይ፣ የወንድሜ ሱቅ አለች። መሀል ላይ የእማዬ ብሎኬት ቤት ነው፣ ፋይበሩም የሚገባው እዚያ ነው። እኔ ጓሮ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነኝ። ድሮ የእማዬ ራውተር እኔ ጋ ሲደርስ አንድ መስመር ብቻ ያሳይ ነበር፣ እሱንም በር ከፍቼ። ሲግናል ማባዣ የሚሏትን ትንሽ ነገር ሞክሬ ነበር። የምታባዛው ችግሩን ነው።

አሁን አንድ ራውተር እማዬ ጋ፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ እኔ ጋ አለ። ከእማዬ ቤት ወደ ሱቅ ኬብል ዘርግቻለሁ። ወደ እኔ ግን ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ስለሆነ መቆፈር አልተፈቀደልኝም፣ በአየር ነው። ሱቋ ከእማዬ ቤት ይልቅ ትርቀኛለች፣ ግን በቤቱ ጎን ባለችው መተላለፊያ በኩል ፊት ለፊት እንተያያለን። ስለዚህ ወደ እኔ የሚመጣ ዳታ ሁለት መንገድ አለው፦ ከእማዬ ቤት በቀጥታ፣ ወይም በኬብል ሱቅ ሄዶ ከዚያ በአየር። የትኛው ይሻላል የሚለውን የሚወስነው ባትማን ነው፣ ገንዘቤን ያወጣሁትም ለዚህ ነው።

አሠራሩን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የመንገዱን ስም የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው ሰው «ቀጥ ብለህ ውረድ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ጠይቅ» ይልሃል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ደግሞ ቀጣዩን መታጠፊያ ብቻ ይነግርሃል። ሙሉ ካርታ ማንም የለውም፣ ግን ትደርሳለህ። ባትማንም እንደዚያ ነው። እያንዳንዱ ራውተር በየሰከንዱ «አለሁ» የሚል ትንሽ መልእክት ይለቃል፣ የሰማው ለሌላው ያስተላልፋል። እኔ ጋ ያለው ራውተር የእማዬ «አለሁ» በየትኛው ጎረቤት በኩል ሳይጠፋ እንደሚደርሰው፣ የመጨረሻዎቹን 64 እያየ ይቆጥራል። ከ255 ነጥብ ይሰጣል። የበለጠው መንገድ ይሆናል፣ አለቀ።

ከባትማን በፊት የነበረው ኦኤልኤስአር የሚባል የመንገድ መምረጫ ፕሮቶኮል ግን እያንዳንዱ ራውተር የኔትወርኩን ሙሉ ካርታ እንዲስል ያደርግ ነበር። ፕሮቶኮሉ በ2003 እ.ኤ.አ. ተጽፎ ወጣ። በርሊን ውስጥ ፍራይፉንክ የሚባሉ ሰዎች ጣራ ለጣራ ኔትወርክ ሲዘረጉ ይጠቀሙበት ነበር። ታሪኩ ራሱ ያስቃል፦ በምሥራቅ በርሊን አንዳንድ ሰፈሮች ከጀርመን ውህደት በኋላ የስልክ መስመሩ በፋይበር ተተካ፣ ታዲያ ዲኤስኤል የሚባለው በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት የሚሠራው በመዳብ ሽቦ ስለሆነ አዲስ መስመር የተዘረጋላቸው ሰዎች ያለ ፈጣን ኢንተርኔት ቀሩ። የራሳቸውን ኔትወርክ ለመዘርጋት ከተነሱበት ምክንያት አንዱ ይሄ ነው። ኔትወርካቸው ሲያድግ የሚጠቀሙባቸው ደካማ ራውተሮች ካርታ ሲስሉ መታፈን ጀመሩ። «ካርታው ለምን ያስፈልጋል?» ብለው ባትማንን ጀመሩት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ 2.6.38 ውስጥ ገባ። (ኢትዮጵያ ገብተው የነበሩትን ጆሮ ያላቸው አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፖች ታስታውሳላችሁ? እነሱም እርስ በርሳቸው በሜሽ እንዲነጋገሩ ነበር የተሠሩት።)

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ፍቅር ነበር። በተለይ መብራት ሲሄድና ሲመጣ። ሦስቱም ራውተሮች በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ትንሽዬ የሊትየም ዩፒኤስ አደረግኩላቸው፣ ሦስት ሰዓት ያህል ይይዛሉ። የፋይበሩ ሳጥንም የራሱ ይፈልጋል፣ እሱን የረሳሁት ጊዜ ሦስቱ ራውተሮች በጨለማ ውስጥ እርስ በርስ «አለሁ፣ አለሁ» ሲባባሉ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ባትሪው አልቆ ሁሉም ቢጠፉ እንኳ መብራት በመጣ በደቂቃ ተኩል ውስጥ ማንም ሳይነካቸው ተፈላልገው ይገናኛሉ። ድሮ እኮ ሌሊት መብራት ሲመጣ ተነስቼ የማባዣዋን ሶኬት ነቅዬ የምሰካ ሰው ነበርኩ።

ለሚሞክር ሰው ሁለት ነገር ልንገር። ቻናሉን አውቶ ላይ አትተዉት። ሁሉም ራውተር አንድ ቻናል ላይ ካልሆነ አይሰማማም፣ እኔ 36 ላይ ቸነከርኩት። ሁለተኛ፣ በራውተሮቹ መካከል ያለውን ግንኙነት 802.11ኤስ በሚባለው የዋይፋይ የራሱ የሜሽ ስታንዳርድ አድርጉት፣ ግን የራሱን የመንገድ መምረጫ አጥፉ። ካላጠፋችሁት እሱም ይመርጣል፣ ባትማንም ይመርጣል፣ አንድ መሪ ሁለት ሾፌር ይሆናል። የይለፍ ቃል እንዲኖረው ደግሞ ከኦፕንደብልዩአርቲ ጋር የሚመጣውን አነስተኛ የዋይፋይ ጥቅል አውጥቶ ሜሽ የሚችለውን መተካት ያስፈልጋል። ይሄን ሳላውቅ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሄደብኝ።

እንግዲህ ሮቶው።

በጋ ላይ እሁድ እሁድ ማታ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ትደውላለች፣ እማዬም እኔ ጋ መጥታ ታወራታለች። አንዳንድ እሁድ ምስሉ ጥርት ይላል፣ አንዳንድ እሁድ የእህቴ ፊት እንደ ሞዛይክ ይሆናል። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ሳይ ባትማን ለቀጥታው መንገድ የሰጠው ነጥብ 215፣ 220 ነው። ከ255! መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። ኢንተርኔት አቅራቢውን ሰደብኩ፣ እነሱም ደርሰው «ከእኛ በኩል ችግር የለም» አሉኝ። ለካ እውነታቸውን ነው።

እማዬ በዚህ መሀል ነው ያቺን ንግግሯን የጣለችው። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። ሌሊት ሲመጣ ሁለት ሺ ሊትሩ ሮቶ ይሞላል፣ ከዚያ በቀናት እየጎደለ ይሄዳል። ሮቶው ደግሞ የቆመው በእማዬ ቤትና በእኔ መካከል፣ በብረት ማማ ላይ፣ ልክ በሁለቱ ራውተሮች መስመር ላይ ነው። ባዶ ሲሆን ፕላስቲክ ነው፣ ዋይፋዩ እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል። ሲሞላ ከሜትር በላይ ውፍረት ያለው የውሃ ግድግዳ ነው። ውሃ ደግሞ የ5 ጊጋኸርትዝ ሲግናል ይውጣል። የሚደርሰኝ በየግድግዳው እየነጠረ የሚመጣው ትርፍራፊ ብቻ ነበር። አንድ ሳምንት በየቀኑ መሰላል ወጥቼ ክዳኑን ከፍቼ እያየሁ ፍጥነቱን ለካሁ። ሲጎድል 110 ሜጋቢት፣ ሞልቶ 5። እማዬ ከታች ቆማ «እንዳትወድቅ» ትለኛለች፣ ግን ፊቷ ላይ ሌላ ነገር ነበር።

እሺ፣ ውሃው ይዝጋው። ባትማን ታዲያ ለምን በሱቅ በኩል አላዞረኝም? ራሱን ያስተዳድራል አልተባለም?

የዚህ መልስ ነው ዋናው ቅሬታዬ። ያቺ «አለሁ» የምትል መልእክት ትንሽ ናት፣ ለሁሉም የምትለቀቅ ስለሆነችም በዝቅተኛው ፍጥነት ነው የምትሄደው። ዝግ ብሎና ጮክ ብሎ እንደመናገር ነው፣ በውሃም በግድግዳም በኩል ይሰማል። ስለዚህ ቆጠራው «ከ64 ይሄን ያህል ደርሷል፣ መስመሩ ሸጋ ነው» ይላል። ቪዲዮ ሲጫንበት ግን ያ መስመር አይችለውም። ከሩቅ ተራራ ላይ «ደህና ናችሁ ወይ!» ተባብሎ ሰላምታ መለዋወጥ ይቻላል፣ ሰርግ መጥራት ግን አይቻልም። በዚያ ላይ ባትማን ከራውተር ወደ ራውተር በሚደረግ እያንዳንዱ ዝላይ ላይ ቅጣት ስለሚቆርጥ የሱቁ መንገድ 195 ገደማ ነበር የሚያገኘው። 215 ከ195 ይበልጣል። ሒሳቡ ልክ ነው፣ የተለካው ነገር ነው ልክ ያልሆነው።

መፍትሔው ከዚያው ሳጥን ውስጥ ነበር። ባትማን አምስተኛ የሚባል ሌላ ስሌት አለው። እሱ የጠፋና የደረሰ አይቆጥርም፣ የዋይፋይ ካርዱ ራሱ «አሁን በዚህ ፍጥነት እያወራሁ ነው» ብሎ የሚያውቀውን ሜጋቢት ነው የሚያወዳድረው። ቀየርኩት። እዚህ ላይ የሠራሁትን ጅልነት ልናዘዝ፦ እስካሁን ስጠቀምበት የነበረው አራተኛው ስሌትና አምስተኛው አይግባቡም። እኔ ደግሞ የራሴንና የእማዬን ቀይሬ የሱቁን ሳልቀይር ቀረሁ። ሱቋ ወዲያው ከኔትወርኩ ወጣች። ወንድሜ ደወለ፣ ሰላምታ የለም፣ «ደግሞ ምን ነካካህ?» አለ። በነጠላ ጫማ ላፕቶፕ ታቅፌ ሄጄ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ፣ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ እያየኝ አስተካከልኩ።

ከዚያ በኋላ ሮቶ ሲሞላ መንገዱ ራሱ ወደ ሱቅ ይዞራል፣ 60 ሜጋቢት ይሰጠኛል። ሲጎድል ይመለሳል። እህቴም ፊቷ ተመለሰ። ግን እውነቱን ልናገር፦ ከዚህ ሁሉ የበለጠ የረዳኝ የእኔን ራውተር ከአንዱ የቤቱ ማዕዘን ወደ ሌላው፣ ሁለት ሜትር ብቻ፣ ማዛወሬ ነው። አሁን ሮቶውን በጎን ያልፈዋል። አራት ወር ሙሉ ፕሮቶኮል ሳነብ የነበርኩት ሰውዬ ሚስማርና መዶሻ ነበር የጎደለኝ።

ሌላው ነገር የበለጠ ያሳሰበኝ ነው። ግንቦት ላይ አንድ ቀን እንዲሁ ስነካካ መንገዶቹን ስመለከት፣ ከእማዬ ወደ ሱቅ ያለው ዳታ በኬብል ሳይሆን በአየር እየሄደ ነው። ኬብሉን አይጥ በልቶታል። መቼ? የራውተሩን መዝገብ ሳይ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሦስት ሳምንት ማንም አላወቀም፣ ምክንያቱም ባትማን በሰከንዶች ውስጥ በአየር አዙሮት ነበር። ይሄ ጥሩ ነው ትላላችሁ፣ እኔም ብያለሁ። ግን በዚያ ሦስት ሳምንት ሮቶ ሲሞላ የእኔ ዳታ ከእማዬ ወደ ሱቅ በአየር፣ ከሱቅ ወደ እኔ እንደገና በአየር፣ በአንዱ ቻናል ላይ ሁለት ጊዜ ሲሄድ ነበር። አንዱ ሲያወራ ሌላው ዝም ማለት አለበት፣ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ሁለተኛው መንገድ ቢበላሽ ኖሮ ሦስተኛ አልነበረኝም። ድሮ አንድ ነገር ሲበላሽ ጩኸቱ ግቢውን ይሞላዋል። ይሄ ግን ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ይሠራል፣ አንድ ቀን እስኪወድቅ ድረስ።

የስልክ ነገር ደግሞ አለ። እማዬ ከሱቅ ወጥታ ቤት ገብታ ስልኳ አሁንም የሱቁን ራውተር አልለቅ ይላል። ይሄ የሜሹ ጥፋት አይደለም፣ የትኛውን ራውተር ልያዝ ብሎ የሚወስነው ስልኩ ራሱ ነው። የሱቁን የማሰራጫ ኃይል ቀነስኩት፣ ተሻለ። ሙሉ በሙሉ አልተወኝም።

ግዙ ወይስ አትግዙ? ግቢያችሁ ውስጥ ኬብል መዘርጋት ከቻላችሁ ኬብል ዘርጉ፣ ይሄን ሁሉ ማንበብም አያስፈልጋችሁም። ካልቻላችሁና ማታ ማታ ጥቁር ስክሪን ላይ መጻፍ የማይሰለቻችሁ ከሆነ፣ ይሄ ነገር ያወጣሁበትን ሳንቲም ሁሉ መልሶልኛል። መነካካት ለማትወዱ በካርቶን የሚመጣው ይሻላችኋል፣ ግን እሱ ሲታመም ውስጡን ገልጣችሁ ማየት አትችሉም። እኔ ነጥቡን ባላየው ኖሮ ሮቶውን እስከ ዛሬ አልጠረጥርም ነበር።

አሁን አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ። መንገድ በተቀየረ ቁጥር ራውተሩ በቴሌግራም እንዲነግረኝ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። መጀመሪያ ላይ በየደቂቃው ይጮህ ነበር፣ ለውጡ አምስት ደቂቃ ካልቆየ ዝም እንዲል አደረግኩት። ትናንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ሱቅ፦ ኬብል የለም» ይላል። አይጡ ተመልሷል።