የቀበሌያችንን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አመስግኑልኝ

ደቡብ ጎንደር፣ እናቴ ቀበሌ ባለው ጤና ኬላ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ አለች። ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጽፍም። ምስጋናዬን ግን ሰው ሁሉ ይስማልኝ።

ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ አመማት። ገና ዘጠኝ ወሯ ነበር። በሳል ጀመራት፣ ትኩሳት ተከተለ። ቤት ያለው ሰው "ብርድ ነው፣ ይተዋታል" ቢልም እህቴ አዝላት ጤና ኬላ ሄደች። ባለሙያዋ ልጅቷ እናቷ እቅፍ ውስጥ ጸጥ እስክትል ጠበቀች። ከዚያ ልብሷን ገልጣ፣ ሰዓት ይዛ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሿን ቆጠረች። በዚያ ዕድሜ ለሚያስል ልጅ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ምልክት ነው። የእኛዋ አልፋ ነበር። አሞክሲሲሊን የሚባለውን ፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒት ሰጠቻት። የመጀመሪያውን እዚያው አስበጥብጣ፣ እህቴ ስታጠጣት ቆማ አየች። አንድ ሳንቲም አላስከፈለችም።

በቀጠሮው ቀን ዝናቡ በርትቶ እህቴ ቀረች። ባለሙያዋ ጭቃውን አቋርጣ ቤት ድረስ መጣች! እንደገና ትንፋሿን ቆጠረች፤ ወርዷል። የምግብ እጥረት እንዳለባት ለማየት ክንዷን በመለኪያው ስትለካት ቢጫው ላይ አረፈ፤ መካከለኛ እጥረት ማለት ነው። ቁጭ ብላ ስለ ልጅቷ ምግብ አወራቻቸው፣ ክትባት ካርዷን አይታ የኩፍኝ ክትባቷ መድረሱን ነገረቻቸው። ልጅቷ ዛሬ ድክ ድክ ትላለች፣ ተመስገን።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ጤና ኤክስቴንሽኖች የሳንባ ምች አያክሙም ነበር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩ ነበር። መድኃኒቱን እንዲሰጡ የተፈቀደው 2002 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለገጠር እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የታመመ ልጅ አዝሎ የተጓዘ ያውቀዋል። በ1992ቱ ሀገር አቀፍ ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ 67 ሆነ። የእነሱ ሥራ ብቻ ነው አልልም፤ ድርሻቸው ግን ትልቅ ነው።

ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ደውላችሁ ንገሩልኝ። ልጅ ሲያስልና ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ መድኃኒት በግምት አይገዛ፣ ጤና ኬላ ይወሰድ። ጡት መጥባት ካቃተው ወይም ካንቀጠቀጠው ደግሞ ባለሙያዋ ሪፈር (ወደ ጤና ጣቢያ መላኪያ) ስትጽፍላችሁ "ነገ" አትበሉ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ወገኖችም፣ እባካችሁ መድኃኒቱ እንዳያልቅባት። ያለ መድኃኒት ብትቆጥር ምን ታደርግ?

ጤና ኬላው ተዘግቶ ካገኛችሁ ደግሞ ቶሎ አትመለሱ። ቤት ለቤት ወጥታ ይሆናል፤ ጎረቤት ጠይቁ፣ የት ሰፈር እንደዋለች ይነግሯችኋል።