ዳሪየስ በሜጋ ድራይቭ ወይስ ጋላጎን በአታሪ 2600?
የትኛው ይሻላል? ሁለቱም የድሮ የጌም ቤት የተኩስ ጌሞችን ወደ ድሮ የቤት ጌም ማሽኖች (የሴጋው ሜጋ ድራይቭና አታሪ 2600) ያመጡ የጌም አፍቃሪዎች የእጅ ሥራ ናቸው። የጌም ኩባንያው ታይቶ የሠራው ዳሪየስ ጌም ቤት ውስጥ ሦስት ስክሪን ጎን ለጎን የተገጠመለት ግዙፍ ማሽን ነበር። ሜጋ ድራይቭ ላይ ያ ሁሉ ስፋት አንድ ቴሌቪዥን ውስጥ ታጭቋል። ዓሣ መሳዮቹ የጦር መርከቦች ግን ግርማቸው አለ። ሥራው ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የሜጋ ድራይቭ ትንሽ ቅጂ፣ የሴጋ ሜጋ ድራይቭ ሚኒ፣ ውስጥ ገብቷል።

ጋላጎን የናምኮ ኩባንያን የጠፈር ተኩስ ጌም፣ ጋላጋን፣ ወደ አታሪ ያመጣል። የአታሪው ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) 128 ባይት ብቻ! ይቺን አንቀጽ እንኳ አይዝም። ስለዚህ ካርትሪጁ (ማሽኑ ላይ የሚሰካው የጌም ካሴት) ውስጥ ኤአርኤም ቺፕ፣ ከአታሪው እጅግ የፈጠነ ፕሮሰሰር፣ ተሸጉጧል። ማጭበርበር ነው ካላችሁ አልከራከርም። ግን የጠላት አለቃ መርከባችሁን በጨረር ስቦ ሲወስድ፣ አስለቅቃችኋት ጎን ለጎን ስትተኩሱ፣ ቺፑ ትዝም አይላችሁ። እኔ? ጋላጎን።