ዓለት መውጣት ልትጀምሩ ነው? ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃዎቹን እናወዳድር

የዓለት መውጫ ዕቃ አራዳ ገበያ ወርዶ አማርጦ የሚገዛ ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ ነው። ይህ ደግሞ ምርጫችንን ይለውጠዋል። ጫማውን ለክተን አንገዛም። ልካችን ካልሆነ መልሰን አንቀይርም። ዘመዳችን ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀድለት ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ላይ ለእኛ ገመድ እንዲይዝልን ነው የምንለምነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ዕቃዎች ያወዳደርኩት ጎንደር ሆኖ ለሚጀምር ሰው በሚሆን መንገድ ነው። ሳይለኩ ቢገዙት ያስኬዳል? ጓደኛሞች ሊጋሩት ይችላሉ? አቧራውንና ፀሐዩን ይችለዋል? ዋጋዎቹን በዶላር የጻፍኩት የሚገዙት ውጭ ስለሆነ ነው፤ ሁሉም ግምት ናቸው።

ከዕቃው በፊት ግን ስፖርቱን እንለይ። ቦልደሪንግ የሚባለው ያለ ገመድ፣ ከ4 ወይም ከ5 ሜትር በማይበልጥ ዓለት ላይ የሚደረግ ነው። ቶፕ ሮፕ ላይ ገመዱ ከላይ በተሠራ ማሰሪያ ዞሮ ይወርዳል። አንዱ ጫፍ ዓለቱን በሚወጣው ሰው፣ ማለትም በወጪው፣ ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ሌላውን ታች የቆመ ጓደኛው ይይዝለታል። ሊድ ላይ ደግሞ ወጪው ገመዱን ከታች ይዞ ይነሳል፤ እየወጣም ዓለቱ ላይ በተተከሉ ብረቶች ያሳልፈዋል። ካመለጠው፣ ከመጨረሻው ብረት በላይ የወጣውን እጥፍና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ስፖርቱ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በቶኪዮ 2020 ነው፤ ውድድሩ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2021 ነበር።

ነገሩ ለእኛ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ወንድ ወገቡን በጠፍር ታስሮ፣ ሌላ የጠፍር ገመድ በእጁ ጨብጦ፣ ከላይ መነኮሳት እየሳቡት 15 ሜትር ያህል ገደል ይወጣል። አሠራሩ ከቶፕ ሮፕ ጋር በጣም ይቀራረባል።

ለጀማሪ የምመክረው ከቦልደሪንግ እንዲነሳ ነው። ምክንያቴ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ገመድ ያለበት ዓለት ላይ ማሰሪያ መሥራት የሚችል፣ የሰለጠነ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ቋጠሮ ከቪዲዮ ይለመዳል፤ ማሰሪያው አስተማማኝ መሆን አለመሆኑን መለየት ግን ከሰው ጋር ቆሞ ነው የሚለመደው። እንዲህ ያለ ሰው እስክታገኙ ድረስ ዝቅ ያለ ዓለት ላይ እግራችሁንና ጣታችሁን አሠልጥኑ።

ፍራሹ

ለቦልደሪንግ የሚሠራው መውደቂያ ፍራሽ ክራሽ ፓድ ይባላል። በጣም ግዙፍ ስለሆነ በሻንጣ አይታሰብም። ታዲያ የቤት ስፖንጅ ፍራሽ ይተካዋል? ብቻውን አይተካውም። ክራሽ ፓድ ከላይ ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከታች ለስላሳ ስፖንጅ አለው። ላይኛው የአወዳደቁን ኃይል ይበትነዋል፣ ታችኛው ይቀበለዋል። የቤቱ ፍራሽ ለስላሳ ብቻ ስለሆነ ተረከዛችሁ ሰርጎ ድንጋይ ያገኛል።

ይህ እዚሁ ሊሠራ የሚችል ብቸኛው ዕቃ ነው። ሁለት ዓይነት ስፖንጅ ገዝታችሁ፣ ውፍረቱን 10 ወይም 12 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ፣ ሸራ ለሚሰፋ ሰው ስጡት። መሸከሚያ ማንገቻም አስጨምሩ። በእጅ የተሠራ ስለሆነ ግን ከ2 ሜትር ብዙም አትለፉበት፤ ከኋላ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ጓደኛም ይኑር።

ጫማው

ብር የምታወጡበት የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ይሁን። የጀማሪ ጫማ ከ80 እስከ 110 ዶላር ገደማ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። አንደኛው ጠፍጣፋ ነው፤ ጣት ቀጥ ብሎ ይቀመጥበታል። ሌላው እንደ ጥፍር ወደ ታች የታጠፈ፣ ለተንጋደደ ዓለት የተሠራ ነው። ሁለተኛው ያምራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ለጀማሪ ግን ሥቃይ ብቻ ነው። ጠፍጣፋውን ውሰዱ።

ቀጣዩ ጥያቄ ማሰሪያው ነው። ቬልክሮው (ተለጣፊው) ቶሎ ይወልቃል፣ በየሙከራው መሃል እግር ለማሳረፍ ይመቻል። ክር ያለው ግን ከጣት እስከ ቁርጭምጭሚት ለየብቻ ይጠብቃል፣ ይላላል። ላ ስፖርቲቫ ከተባለው ኩባንያ ጫማዎች ታራንቱላ ቬልክሮ ነው፣ ታራንቱሌስ ደግሞ ባለ ክር። ለክተን መግዛት ለማንችል ሰዎች ባለ ክሩ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ትንሽ ልኩን ቢስት በክሩ ይስተካከላል። ቆዳ ከሆነ ደግሞ እየዋለ ይለጠጣል። ሠራሽ ጨርቅ ከሆነ ግን እንደተገዛ ነው የሚቀረው፤ ከጠበበ ጠበበ ነው።

ልካችሁን ስትልኩ በስልክ “41 ነኝ” ብላችሁ አትተዉት። ባዶ እግራችሁን ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን አስምሩ፣ ርዝመቱንና የፊቱን ስፋት በሴንቲሜትር ጻፉ፣ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ያለ ካልሲ የሚደረግ ጫማ ነው። ጣታችሁ ጫፉን መንካት አለበት፤ መጨማደድ የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሶሉ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዶ ተራ ጎማ ማስለጠፍ አያዋጣም። ዓለት ላይ የሚይዘው ለዚሁ ተብሎ የሚሠራው ለስላሳ ጎማ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ሶሉ ወፈር ያለውን፣ ወደ 5 ሚሊሜትር የሚጠጋውን ምረጡ። የአካባቢያችን ባዝልት ሻካራ ነው፣ ቀጭኑን ቶሎ ይበላዋል።

ገመዱ

እዚህ ላይ ድርድር የለም። በእጃችሁ ሊገቡ የሚችሉ ገመዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው ናይለን ገመድ ነው። ለጭነት ማሰሪያ ጥሩ ነው። ሰው ሲወድቅበት ምን እንደሚሆን ግን ማንም አልፈተነውም። ወፍራም መሆኑ አያታልላችሁ።

ሁለተኛው ስታቲክ የሚባለው ነው። ጥራት ያለው፣ ለነፍስ አድንና ለከፍታ ሥራ የሚውል ገመድ ነው፤ የአውሮፓ ደረጃው ኢኤን 1891 ይባላል። ችግሩ አለመለጠጡ ነው። ሰው ከላዩ ወርዶ ሲደርስበት ገመዱ ኃይሉን አይውጠውም። ያ ሁሉ ኃይል በወጪው ወገብና በማሰሪያው ላይ ያርፋል። የደብረ ዳሞው ጠፍር የማይለጠጥ ሆኖ የሚሠራው ከላይ ሁልጊዜ ተወጥሮ ስለሚሳብ ነው። ሰው ላልቶ የተተወ ገመድ ላይ ከወደቀ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ዳይናሚክ ነው፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። ደረጃው ኢኤን 892 ነው። ነጠላ ገመድ ይህን ደረጃ ለማግኘት 80 ኪሎ ክብደት እየተጣለበት ቢያንስ 5 ጊዜ ሳይበጠስ መያዝ አለበት። በመጀመሪያው ውድቀት ወደ ወጪው የሚደርሰው ኃይልም ከ12 ኪሎ ኒውተን መብለጥ አይፈቀድለትም፤ ይህም ወደ 1,200 ኪሎ ክብደት ይጠጋል። በዚያች ቅጽበት ገመዱ እስከ 40 በመቶ ሊለጠጥ ይችላል። ጫፉ ላይ በክብ ውስጥ 1 ቁጥር ያለበትን ነው የምትፈልጉት።

ርዝመቱስ? የ60 ሜትር ገመድ 4 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ዋጋው ከ150 እስከ 220 ዶላር ነው። የ40 ሜትሩ 2.5 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ለሻንጣ ይቀላል፣ ለ15 ሜትር ዓለትም በቶፕ ሮፕ ይበቃል። እኔ ግን 60 እላለሁ። ገመድ መጀመሪያ የሚጎዳው ጫፉ አካባቢ ነው፤ ረጅሙ ቢቆረጥለትም ያገለግላል። ደግሞም ሦስት ጓደኛሞች ሊያዋጡበት የሚገባ ዕቃ ነው። ውፍረቱ ከ9.8 እስከ 10 ሚሊሜትር ይሁን። የ9 ሚሊሜትሩ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለጀማሪ እጅ ይፈጥናል፣ ቶሎም ይላጫል። ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ ለተሠራው ተጨማሪ ብር አታውጡ። ክረምት ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ዓለቱ ርጥብና የድንጋይ ሽበት የለበሰ ነው፤ ያኔ አይወጣም።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ናይለንን ታደክማለች። ገመዱን ውጪ አስጥታችሁ አትተዉት። በመኪና ስትሄዱ ደግሞ ከባትሪ አጠገብ አታስቀምጡት፤ የባትሪ አሲድ በዓይን ሳይታይ ናይለኑን ሊያበላሸው ይችላል።

ገመድ መያዣው

ታች የቆመው ሰው ገመዱን በባዶ እጁ አይደለም የሚይዘው። ቀላሉ መሣሪያ ሁለት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብረት ነው፤ ብዙዎች በብላክ ዳይመንድ ምርት ስም ኤቲሲ ይሉታል። ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ አቧራ አይጎዳውም፣ ሁለት ገመድ ስለሚያስገባ በእጥፍ ገመድ ለመውረድም ያገለግላል። ነገር ግን የሚቆመው በያዡ እጅ ብቻ ነው። እጁ ከላላ ገመዱ ይሄዳል።

ሁለተኛው ግሪግሪ ነው። ፔዝል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ነው። ገመዱ በድንገት ሲጎተት ውስጡ ያለው ብረት ዞሮ ይቆልፈዋል። ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ አንድ ገመድ ብቻ ነው የሚያስገባው፣ አሁን ያለውም ከ8.5 እስከ 11 ሚሊሜትር ይቀበላል። ጉድለትም አለው። ገመዱ ተገልብጦ ከገባ አይቆልፍም። ሰው ከመነሳቱ በፊት ጎትቶ መሞከር ግዴታ ነው። እጅንም ከገመዱ ማንሳት አይቻልም፤ ቆልፎ ይይዛል ብሎ የሚዘናጋ ያዥ ለወጪው አደጋ ነው።

በመሃል ኤቲሲ ፓይለትን የመሰሉ አሉ። የሚንቀሳቀስ አካል ሳይኖራቸው ለመቆለፍ ያግዛሉ፤ ከ40 እስከ 60 ዶላር ነው። ገንዘቡ ካለ ግሪግሪ፣ ከሌለ ይህን መካከለኛውን አስመጡ። ሁላችንም ጀማሪዎች በሆንበት ቡድን ውስጥ የያዡን ስህተት የሚቀንስ መሣሪያ ከምንም ነገር ይቀድማል።

ሃርነስና ሄልሜት

ሃርነስ ማለትም ገመዱ የሚታሰርበት የወገብና የጭን ቀበቶ ላይ ብዙ አታስቡ። የእግሩ ቀበቶ የሚላላና የሚጠብቅ የሆነውን ውሰዱ፣ ከ55 እስከ 80 ዶላር ነው። ለቀጭኑም ለወፍራሙም ጓደኛ ይሆናል፣ ደባርቅ ብርድ ውስጥ በወፍራም ሱሪ ላይም ይለበሳል። የግንባታ ሠራተኛ ቀበቶ አይተካውም። እሱ ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ነው የሚያያዘው፤ የወጪ ገመድ የሚታሰረው ከፊት ነው።

ሄልሜትም እንዲሁ ነው። የግንባታው ሄልሜት የአገጭ ማሰሪያ በመጠነኛ ጉተታ እንዲለቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ የዓለት መውጫው ደግሞ እስከ 500 ኒውተን መያዝ አለበት። ከሁለቱ የዓለት ሄልሜቶች በስፖንጅ የሚሠራው ቀላል ነው፣ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ይከብዳል። ሻንጣ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ለሚጓዝ ዕቃ ግን ጠንካራው ይሻላል። የእኛ ባዝልት የተሰነጣጠቀ ነው፣ ድንጋይ ይለቃል። ከታች የቆመውም ይልበስ።

ስለ ቦታው አጭር ማስታወሻ ይኑረኝ። የፋሲል ግቢ ግንብ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ አንድም ድንጋይ እንዳትወጡበት። ቤተ ክርስቲያን ያለበት ገደልም ሳይፈቀድ አይነካም። ሰሜን ተራሮች ከሆነ ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዞ ነው የሚገባው፤ ለመውጣት ማሰባችሁን እዚያው ተናገሩና ጠይቁ።

ያገለገለ ወይስ አዲስ?

ያገለገለ ጫማ ግዙ፣ ችግር የለውም፤ ሶሉ ካለቀ አይታችሁ ታውቁታላችሁ። ያገለገለ ገመድና ሃርነስ ግን ስንት ጊዜ እንደተወደቀበት፣ ከምን ጋር ተቀምጦ እንደከረመ አይታይም። ባለቤቱን በቅርብ ካላወቃችሁት ይለፋችሁ። ብዙ አምራቾች ለናይለን ዕቃ ምንም ሳይሠራበት እንኳ 10 ዓመት ነው የሚሰጡት። አዲስ ስታስመጡም በርካሽ ከሚሸጥ የኦንላይን ነጋዴ ሳይሆን ከታወቀ የተራራ ዕቃ ሱቅ ይሁን። ገመድና ዕቃ የሚያያይዘው ተከፋች ብረት፣ ካራቢነሩ፣ ላይ ሲኢ (CE) የሚለው የአውሮፓ ምልክት ከአራት አሃዝ ቁጥር ጋር፣ የሚችለውም ኃይል በኪሎ ኒውተን ተቀርጾ መታየት አለበት። ዘመዳችሁ ካርቶኑን ለሻንጣው ብሎ ይጣለው፤ ውስጡ ያለውን የመመሪያ ወረቀት ግን አጥፎ ይዞላችሁ ይምጣ፣ የተሠራበት ዓመት እንዴት እንደሚነበብ የሚያሳየው እሱ ነው።