የሽሮ ሜዳው የፈትል ነጠላ፦ ነጩና ጥለቱ ለየቅል

ሽሮ ሜዳ ከሚገኙት የባህል ልብስ መሸጫዎች በአንዱ «ሙሉ በሙሉ ጥጥ፣ ለአካባቢ ተስማሚ» ተብሎ የቀረበልኝን ነጠላ ገዝቼ ለወራት ለብሼዋለሁ። ነጩ ክፍል እንደተባለለት ነው። ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ስለሆነ ክሩ ወፈር ሳሳ ይላል፤ ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ዛሬ የተለመደ በመሆኑ እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። በእጅ የተሸመነና ማቅለሚያ ያልነካው ስለሆነ ሽመናው ኤሌክትሪክ አይፈጅም፣ ወደ ወንዝ የሚለቀቅ የቀለም ፍሳሽም የለውም።

ቅሬታዬ ጥለቱ ላይ ነው። ጥቂት ክር መዝዤ በክብሪት ስለኩሰው የነጩ ክር እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ሲሆን፣ የጥለቱ ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆነ፤ ይህም ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ሰው ሠራሽ ክር መሆኑን ያሳያል። እንዲህ ያለው ክር በታጠበ ቁጥር ደቃቅ የፕላስቲክ ብናኝ ወደ ውኃ ስለሚለቅ፣ ሻጯ የሰጡኝን ማረጋገጫ ልቀበለው አልቻልኩም። «ድምቀቱን የሚሰጠው እሱ ነው እኮ» ነበር መልሳቸው።

ጥጥም ቢሆን ከነቀፋ አያመልጥም፤ በመካከለኛው እስያ የሚገኘውን የአራል ባሕር አብዛኛውን ክፍል ያደረቀው በዋናነት ለጥጥ እርሻ የተጠለፈው የወንዞቹ ውኃ ነው። ስለዚህ አንዱን ልብስ ለረጅም ዓመታት መልበስ ከመለያ ጽሑፉ ይልቅ ይጠቅማል፤ ይህ ነጠላም ደጋግሞ ቢታጠብም እየለሰለሰ ሄደ እንጂ አልሳሳም። ዋጋው ከውጭ ከሚገባው ባለ ኅትመት ፖሊስተር እጅግ ይበልጣል፣ ተገቢም ነው። መግዛት የሚፈልግ ሰው ጥለቱም በጥጥ ክር እንዲሠራለት አስቀድሞ ቢያዝ ይሻላል።