አሮጌ አምቡላንስ ገዝታችሁ ፉድ ትራክ (ምግብና መጠጥ መሸጫ መኪና) ልታደርጉ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የኔን ጉድ ስሙ

ሰላም ወገኖች። ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች ሰሞኑን አሮጌ አምቡላንስ ላይ ተረባርበናል። ርካሽ ነው፣ ሰፊ ነው፣ መደርደሪያው ሳይቀር የተዘጋጀ ነው። እኔም ገባሁበትና 6,500 ዶላር ከፈልኩ።

መኪናው የ1997 ፎርድ ኢ-350 ነው፣ ናፍጣ። ሻጩ ሜሪላንድ የሚኖር የኛው ልጅ ነው። "ወንድምዬ፣ 25 ዓመት ስላለፈው ቨርጂንያ ላይ አንቲክ ታርጋ ታወጣለታለህ። ኢንስፔክሽን (የመኪና ቴክኒክ ምርመራ) የለ፣ በየዓመቱ ማደስ የለ። ጀበናህን ጭነህ መሸጥ ብቻ ነው" አለኝ። እኔም ረከቦቱ የት ጋ ቢቀመጥ እንደሚያምር እያሰብኩ ፈረምኩ።

ክፋቱ፣ ያለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ቨርጂንያ ውስጥ 25 ዓመት የሞላው መኪና አንቲክ ታርጋ ማግኘት ይችላል፣ ከዓመታዊው ኢንስፔክሽንም ነጻ ይሆናል። ግን ሕጉ አንቲክ የሚለው በሰብሳቢ እጅ እንደ ቅርስ ብቻ የተያዘን መኪና ነው። ለኤግዚቢሽን፣ ለሰልፍ፣ ለክለብ ዝግጅት ታወጡታላችሁ፣ አልፎ አልፎም ከቤታችሁ ከ250 ማይል ሳትርቁ ትንሸራሸሩበታላችሁ። ሥራ መመላለሻ እንኳን አይሆንም፣ ቡና መሸጫማ ጭራሽ! ሌላ የምትነዱት መኪና እንዳላችሁም ትጠየቃላችሁ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ገንዘቡን ከከፈልኩ በኋላ፣ ታርጋ በሚሰጠው የስቴቱ መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ፣ መስኮት ላይ ቆሜ ነው። ሴትየዋ ፎርሙን ወደኔ አዙራ መስመሩን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገችልኝ።

የባሰው ደግሞ መብራቱ ነው። የታርጋ ሕግ ሌላ፣ የመብራትና የሳይረን ሕግ ሌላ ነው፤ መኪናው ስላረጀ ብቻ ቀይ መብራት ይዞ መሄድ አይፈቀድለትም። በዚያ ላይ ስቴት በተሻገራችሁ ቁጥር ይለያያል። ቨርጂንያ ላይ ሰማያዊ ብልጭልጭ የፖሊስ ነው፣ ኒውዮርክ ላይ ግን የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው የሚጠቀሙበት። ፍሎሪዳ ሰማያዊን ለግል መኪና አትፈቅድም። ካሊፎርኒያ ደግሞ መብራቱ ይቅርና የፖሊስ መኪና መስሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ የግል መኪናም ያስጠይቃል። አንዳንዱ ስቴት አሮጌ የእሳት አደጋ መኪና በሰልፍ ላይ መብራቱን እንዲያበራ ይፈቅዳል፣ እሱም በሰልፉ ላይ ብቻ ነው። ሻጩ "ካላበራኸው ችግር የለውም" ቢላችሁ አትመኑት፤ መብራቱ ጠፍቶም መኪናው ላይ መገኘቱ ብቻ የሚያስቀጣበት ቦታ አለ።

የኔን ሻጭ "ሳይረኑ ተነቅሏል?" ብዬ ጠይቄው "ድሮ!" ብሎኝ ነበር። አንድ ማታ አፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ የኋላውን መብራት ስፈልግ ከሬዲዮው ሥር ካሉት ቁልፎች አንዱን ተጫንኩ። ሕንፃው በሙሉ መስኮት ላይ ወጣ። ማጥፊያውን እስካገኝ ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

መኪናው ላይ ያለው ጽሑፍም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ፊደሎቹን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅኩ ላጥኳቸው፣ ግን ዙሪያውን ቀለሙን ፀሐይ በልቶት ኖሮ አምቡላንስ የሚለው ቃል ከሩቅ ይነበባል፣ ኮፈኑ ላይ ደግሞ በግልባጭ። ጎኑ ላይ ያለው ባለ ስድስት ክንፍ ሰማያዊ ኮከብም ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም፣ በ1977 በፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ስም የተመዘገበ ምልክት ነው። ለቀለም ሌላ 1,800 ዶላር ወጣ።

አሁንም መግዛት ካማራችሁ መብራቱና ሳይረኑ ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ይነቀል፣ መነቀሉም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የምትጠይቁት የራሳችሁን ስቴት ዲኤምቪ ነው፣ የሻጩን አይደለም። ኢንሹራንሱንም ቀድማችሁ ደውሉ፤ የኔዎቹ በአንቲክ ኢንሹራንስ ንግድ አንሸፍንም ብለው ቁጭ አሉ። ማይሉ ትንሽ ነው ብላችሁም አትደሰቱ። አምቡላንስ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ የሚውል መኪና ነው፣ ማይል ቆጣሪው ደግሞ ያንን አይቆጥርም። የሞተር ሰዓት ቆጣሪ ካለው እሱን እዩ።

መኪናው አሁን በተራ የንግድ ታርጋ ተመዝግቦ የኢንስፔክሽን ተራ ይጠብቃል፣ ፍሬኑ ገና ነው። ሻጩ ስልኬን ማንሳት ካቆመ ሁለት ወር ሆነው። ትናንት ግን ሌላ አምቡላንስ ለጥፏል፣ "25 ዓመት ያለፈው፣ ኢንስፔክሽን የማይፈልግ፣ ለቡና ሥራ አሪፍ" ብሎ።