ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎች የገዛኋቸው ሁለት የካልሲየም ማሟያዎች

እንቁላሎቹ ገና ከጎጆው ሳነሣቸው በጣቴ ጫና መሰንጠቅ በጀመሩ ጊዜ፣ እዚህ ጎንደር አራዳ አካባቢ ካለ የመኖ መሸጫ ሁለት ዓይነት የካልሲየም ማሟያ ገዝቼ ለ20 ዶሮዎቼ ሞክሬያለሁ።

የመጀመሪያው እንደ ዱቄት የላመ የኖራ ድንጋይ ነው። ዋጋው ቢቀልም ከመኖው ተለይቶ ገንዳው ሥር ስለሚዘቅጥ፣ ዶሮዎቹ እህሉን ለቅመው እሱን ይተዉታል።

ሁለተኛው ያው የኖራ ድንጋይ ሆኖ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ተደርጎ የተከካ ነው፤ የምመርጠውም ይህንን ነው። የእንቁላል ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት፣ ዶሮዋ በማትበላበት ሰዓት ነው፤ ሸካራው ጠጠር ደግሞ በጡንቻማ ሆዷ ውስጥ ቆይቶ ቀስ በቀስ ስለሚሟሟ፣ ካልሲየሙ በሚፈለግበት ሰዓት ይደርስላታል። አንድ ቅርፊት 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ስለሚይዝና ከምትበላው ሁሉም ስለማይዋሐዳት፣ ጣይ ዶሮ በቀን 4 ግራም ያህል ማግኘት አለባት፤ ካጣች ከገዛ አጥንቷ ትወስዳለች፣ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል። ጠጠሩን ለብቻው በሰፊ ሳህን አቀርባለሁ፤ አመሻሽ ላይ ወደ ቆጥ ከመውጣታቸው በፊት ተሻምተው ሲለቅሙት ድምፁ ከበር ይሰማል።

ሻጩ ለጫጩትም ይሆናል ማለቱ ግን ትክክል አይደለም፤ የጣይ ዶሮ መጠን ያለው ካልሲየም የጫጩትንና የቄብን ኩላሊት ይጎዳል። ከረጢቱም ላይ የካልሲየሙ መጠን ሊጻፍበት ይገባ ነበር።