አሥሩ ነገድ የት ገቡ? አሦር ወይስ ኢየሩሳሌም?

የአሥሩ ነገድ፣ ማለትም የሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት፣ ዋና ከተማ ሰማርያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ በአሦር እጅ ወደቀች። ሕዝቡስ የት ገባ? ሁለት መልስ አለ።

አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አሦር አፈለሳቸው። መጽሐፈ ነገሥት አላሔን፣ አቦርንና የሜዶንን ከተሞች ይጠራል። የአሦር ንጉሥ ሳርጎንም በራሱ ጽሑፍ 27,290 ሰው ማርኬ ወሰድኩ ይላል። ብዙ ነው፤ ግን አገር ባዶ አያስቀርም። እኔን የሚገርመኝ ትንሿ ማስረጃ ናት። ኒምሩድ በተባለችው የጥንት የአሦር ከተማ በተገኙ የሸክላ ጽላቶች የአሦር ጦር መኮንኖች ተዘርዝረዋል። ከነሱ መሃል የሰማርያ ሠረገለኞች አሉ፤ የአንዳንዶቹ ስም ውስጥም የእስራኤል አምላክ የያህዌ ስም አለ። እነዚህ ሰዎች ጠፍተው አልቀሩም፤ የማረካቸው ንጉሥ ወታደር ሆኑ። ከአገሬው ጋር የተቀላቀሉት ቀስ በቀስ ነው።

ሁለተኛው፣ ብዙዎች ወደ ደቡብ ሸሹ ይላል። በዚያው ዘመን ኢየሩሳሌም በጣም ሰፋች። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተቆፍሮ የተገኘው የዚያ ዘመን የከተማ ቅጥር 7 ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ሲሠራ የሰው ቤት አፍርሶ ነው ያለፈው። ከተማዋን ያሰፋት ስደተኛ ነው ወይ? አርኪዮሎጂስቶች ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። እኔ ግን ወደዚህኛው አደላለሁ። በወንጌል ነቢይት ሐና "ከአሴር ወገን" ተብላ የለ? ጠፋ የተባለ ነገድ፣ ከ700 ዓመት በኋላ፣ እዚያው መቅደስ ውስጥ!

ቤተ እስራኤልስ? የእስራኤል የሴፋርዲ አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ከዳን ነገድ ናቸው ብለዋል። እሱ ግን የሃይማኖት ብይን ነው፤ በአካፋ አይፈተሽም።